ለሁለት ትከሻ የተረፈች ግንድ

አንድ እናት ነበሩ። ስማቸው ወይዘሮ አሰገደች ይባላል። የሚኖሩት በአንድ የስንዴ አገር፣ ከኮረብታ ሥር ነው። ከቤታቸው ጓሮ ጀምሮ እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ፣ ባለቤታቸው አቶ ወንዳፍራሽ በሕይወት ሳሉ የተከሉት ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ቆሟል። ሰዉ «የወንዳፍራሽ ጫካ» ይለዋል። ጫካ ለመባል ትንሽ ነው፤ ባሏ ለሞተባት ሴት ግን በጣም ትልቅ ነው።

በዚያ አገር በበልግ መግቢያ ብርቱ ነፋስ ይነሳል። ያረጀውን ቅርንጫፍ ሁሉ እየሰበረ መሬት ላይ ያነጥፈዋል። ያን ጊዜ የጫካው ባለቤት ደቦ ይጠራል። ጎረቤቱ መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል፤ ይቆረጣል፣ ይጎተታል፣ ይከመራል፤ ወደ ማታ ሁሉም ለምድጃው የሚሆነውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚህ ደቦ መቅረት ነውር ነው። «ለነፋስ ያልመጣ፣ ለቀብሩ ሰው አይመጣለትም» ይላሉ።

ይህ ደቦ አንድ ልማድ አለው። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ግንድ ሲገኝ የደቦው አለቃ ሁለት ሰው ይጠራል። ታዲያ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ አይጠራም። ዓመቱን ሙሉ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ በልቡ ይዞ ይቆያል፤ የተኳረፉትን ይጠራና ከግንዱ ጫፍና ጫፍ ያቆማቸዋል። «አንተ ከዚህ፣ አንተ ከዚያ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይጨምርም። የተጠራም ሰው እምቢ አይልም፤ እምቢ ቢል የናቀው አለቃውን ብቻ ሳይሆን ደቦውን በሙሉ ነውና። ሽማግሌ ያቃተውን ጠብ ግንድ ፈትቶት ያውቃል።

ወይዘሮ አሰገደች ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ ዳምጠው ከወንዝ ማዶ ጎጆ ወጥቶ ያርሳል። ታናሹ መክብብ ከእሳቸው ጋር እየኖረ የሰው ትራክተር ይነዳል። እነዚህ ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ድንገት ያረፉ ቀን ዳምጠው በሬ ሊገዛ ሩቅ ቆላ ወርዷል። ስልክ ቢደወል አይገባም። በማግስቱ አቧራ ለብሶ ሲደርስ አባቱ ተቀብረዋል። መቃብሩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወንድሙን «አባቴን ሳላየው ቀበርክብኝ» አለው። ሌላ ቃል አልተናገረውም። ወንድሙ የሚኖርበት ቤት ነው ብሎ ወደ እናቱም ቤት መምጣት ተወ። እናቱን የሚያገኛቸው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል፤ ይመርቁታል፤ ይሄዳል።

ሽማግሌ ቢላክበት አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው እንጂ እሺ አላለም። እናቱም አንድ ቀን እዚያው ደጀ ሰላም ላይ እጁን ይዘው፣

«ወንድምህ እኮ ጠብቆሃል፣ ልጄ» ቢሉት፣

«አንቺ እናት ነሽ። ለማስታረቅ የማትዪው የለም» ብሎ እጃቸውን በቀስታ አስለቀቀ።

የአባትየው ሙት ዓመት እየቀረበ መጣ። ዳምጠው ደግሞ «እኔ የአባቴን ሙት ዓመት በቤቴ ለብቻዬ አወጣለሁ» ብሎ አስወራ። ወይዘሮ አሰገደች ይህን ሲሰሙ ወገባቸው ተቆረጠ። አንድ ሰው ሞቶ ሁለት ድንኳን ሊተከልለት ነው! እንግዳው ከወንዝ ወዲህ ልሂድ ወይስ ወንዝ ተሻግሬ ብሎ መንታ መንገድ ላይ ሊቆም ነው። አቶ ወንዳፍራሽ ጠብ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውስ ምን ትላለች? እናትየው ይህን እያሰቡ እህል አልበላ አላቸው። በየማለዳው ለኪዳን ሲቆሙ ለሌላ ነገር መለመን ረስተው፣ «እነዚህን ልጆች» ብቻ ይሉ ነበር። ጸሎታቸው ከዚያ አያልፍም።

በዚህ መሐል ነፋሱ መጣ። በዚያ ዓመት የመጣው ደግሞ ከወትሮው የከፋ ነው። በነጋታው ጫካው ውስጥ እግር ማስገቢያ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ «አይ እትዬ አሰገደች፣ ሐዘን ላይ ይኼ ተጨምሮ» እያለ አዘነላቸው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው የወደቀውን እያዩ «ተመስገን» አሉ።

ሰዉ አልገባውም። የገባቸው ጋሽ ገመዳ ብቻ ናቸው። ጋሽ ገመዳ የአቶ ወንዳፍራሽ ባልንጀራ፣ የደቦውም አለቃ ናቸው። ዳምጠው «ለነፋሱ እመጣለሁ፣ ቤት ግን አልገባም» ብሎ የላከው በእሳቸው በኩል ነበር። ለዳምጠው ኩራቱ የፈቀደለት በር ይህች ብቻ ናት። ጋሽ ገመዳ ደቦው ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው ጫካውን ዞረው አይተው ወደ ወይዘሮ አሰገደች መጡ።

«ለልጆችዎ የምትሆን ግንድ አይቻለሁ» አሏቸው። «ላይኛው ጥግ የወደቀች ጥድ ናት። ትከብዳለች።»

«ትክበድ» አሉ ወይዘሮ አሰገደች።

መክብብ ይህን ንግግር አልሰማም። እሱ ያየው የእናቱን ጉልበት ነው። ለደቦ ሰው ንፍሮ መቀቀል፣ ጠላ መጥመቅ፣ ከጓዳ ደጅ መመላለስ አለ፤ እሳቸው ደግሞ ከመቀመጫ ሲነሱ ግድግዳ መያዝ ጀምረዋል። እናቱን ይወዳል፤ በዚህ ማንም አይጠረጥረውም። በዚያ ሰሞን የሚነዳው ትራክተር ፊት ላይ የሚገጠም አዲስ ብረት መጥቶ ነበር። ረጃጅም ጥርሶች አሉት። ዝቅ ብሎ ከክምሩ ሥር ይገባል፣ ከላይ መንጋጋው ይዘጋበታል፣ ከዚያ ሁሉን አቅፎ ብድግ ነው። ገበሬው አውድማ ላይ ገለባ ከሚበትንበት ጋር አመሳስሎ «መንሽ» አለው። መክብብ ባለትራክተሩን ለምኖ መንሹን ለአንድ ማለዳ ተዋሰ።

የደቦው ቀን ወይዘሮ አሰገደች ገና ሳይነጋ ለኪዳን ወጡ። እሳቸው ሲወጡ ትራክተሩ ገባ። መክብብ አሳምሮ ይነዳል። በዛፎቹ መሐል እየተሽሎከለከለ፣ ቆሞ ያለውን ሳይነካ፣ የወደቀውን ብቻ እያፈሰ ከጓሮው በታች ከመረው። የቀድሞ ደቦ ከጧት እስከ ማታ የሚደክምበትን ሥራ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ጨረሰው ማለት ይቻላል። የቀረው የላይኛው ጥግ ብቻ ነበር።

የደቦው ሰው መጥረቢያውን ይዞ መድረስ ሲጀምር ጫካው ተጠርጎ አገኘው። ሳቁም መገረሙም አንድ ላይ ሆነ።

«መክብብ! መጥረቢያዬን ስዬ ነው እኮ የመጣሁት፤ ጢሜን ልላጭበት?» አሉ ጋሽ ገመዳ። ይሳቁ እንጂ ፊታቸው አልሳቀም።

«እኔና ባሌስ?» አለች አንዲት ጎረቤት። «ለዛሬ ብለን አይደል የተኳረፍነው! አሁን ማን ያስታርቀን?»

«መንሹ ላይ አብራችሁ ትወጣላችሁ» አላት መክብብ ከላይ ሆኖ፤ ሰዉ አሽካካ።

ዳምጠው የመጣው በዚህ መሐል ነው። መጥረቢያው ትከሻው ላይ ነው። ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ የተጠረገውን ጫካ አየ፤ ክምሩን አየ፤ ትራክተሩን አየ። የሚቆረጥ የለም፣ የሚጎተት የለም። ያለ ሥራ እዚያ ግቢ ገብቶ መቆም ደግሞ እሱ የማይችለው ነገር ነው። መጥረቢያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ ፊቱን መለሰ።

ወይዘሮ አሰገደች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአንድ ዓይናቸው የሚሄደውን የታላቁን ልጃቸውን ጀርባ፣ በሌላው ዓይናቸው ትራክተር ላይ ሆኖ የሚስቀውን ታናሹን ልጃቸውን አዩ።

«እማዬ! እዪልኝ!» አለ መክብብ። «ዘንድሮ ንፍሮ የለ፣ ድካም የለ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ብቻ መርቂኝ። ይችን አንዷን ካነሳሁ አለቀ።»

እናትየው ፊታቸውን ወደ ላይኛው ጥግ አዞሩ። ዳገቱን ወጡ። ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ እያረፉ፣ ጥጓ ላይ ከተጋደመችው ጥድ ዘንድ ደረሱ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ግንዷ ላይ ቁጭ አሉ። የመንሹ ጥርስ ከፊታቸው ቆመ።

መክብብ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «እማዬ፣ ተነሺ እንጂ።»

«አልነሳም።»

«ምን አጠፋሁ? ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

ወይዘሮ አሰገደች ቀና ብለው አዩት። ቁጣ የለባቸውም። ልጅ ሆኖ ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩን እየዳሰሱ የሚያዩት እንዲሁ ነበር።

«ለእኔ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥህ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ለእኔ ብለህ ብቻ ነው? ወይስ ከጋሽ ገመዳ ጥሪም ሸሽተህ ነው?»

መክብብ አንገቱን ደፋ። ይህን ለራሱ እንኳ አልነገረውም ነበር። ደቦው ሲጠራ «አንተ ከዚህ፣ አንተ ከዚያ» የሚለው ድምፅ በጆሮው የመጣበት፣ መንሹን ለመዋስ ያን ያህል የቸኮለው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተገለጠለት። ፍቅሩ እውነት ነው። ሽሽቱም እውነት ነው። ሁለቱ አንድ ትራክተር ላይ ተሳፍረው መጥተዋል።

«ሸሽቼም ነው፣ እማዬ» አለ።

እናትየው ወደ ታች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጋሽ ገመዳ! ደቦው አላለቀም!» አሉ።

ጋሽ ገመዳ ይህን ሲጠብቁ ነበር። ወደ አጥሩ ዞረው እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው ተጣሩ። «ዳምጠው! ዳምጠው ወንዳፍራሽ! ተጠርተሃል!»

ዳምጠው እየዘገየ ይሄድ ነበርና ብዙ አልራቀም፤ መንገዱ ላይ ቆመ። የደቦው ሰው ሁሉ ያየዋል። የተጠራ ሰው ጥሎ እንደማይሄድ ያውቃል። እያመነታ ተመለሰና ከጋሽ ገመዳና ከሰዉ ኋላ ዳገቱን ወጣ።

«ትራክተር ቆሞ በሰው ትከሻ?» አላቸው ጋሽ ገመዳን፣ ወንድሙን ሳያይ።

«ትራክተሩ የማይገባበት ቦታ አለ።»

«የቱ ጋ?»

«እናትህ የተቀመጡበት ላይ።»

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። ወይዘሮ አሰገደች የመክብብን ክንድ ይዘው ተነሱ። ጋሽ ገመዳም «ታላቅ ከፊት፣ ታናሽ ከኋላ። አንተ ከዚህ፣ አንተ ከዚያ» አሉና ሰዉን ይዘው ቀድመው ወረዱ።

ወንድማማቾቹ ግንዷን አነሱ። ትከሻቸው ላይ ስታርፍ ሁለቱም ተነፈሱ። መውረድ ጀመሩ። ዳምጠው ከፊት ሆኖ መንገዱን ያያል፤ መክብብ ከኋላ ነው፤ ግንዷ ፊቱን ጋርዳው የእግሩን ሥር አያይም። ከኋላ ያለ ሰው ዓይኑ ከፊት ያለው ሰው አፍ ነው። ዳምጠው ግን አፉን ዘግቷል። አንድ ከመሬት የወጣ የዛፍ ሥር ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ተሻገረው። መክብብ አላየውምና ተደናቀፈ። ግንዷ ስትወዛወዝ የመክብብን አንገት ፋቀች፤ የዳምጠውንም ትከሻ መታች። ሁለቱም እኩል አቃሰቱ።

«ፊተኛው አፍ የለውም እንዴ?» አሉ ጋሽ ገመዳ ከታች። «ዝምታህ እኮ ለአንተም አልበጀህም!»

ዳምጠው ትከሻውን አስተካክሎ ጥቂት ሄደ። ከፊቱ ዝናብ የቦረቦረው ጉድጓድ መጣ። ወደ ጉድጓዱ አየ። ቆመ።

«ጉድጓድ አለ» አለ። «በግራ በኩል እለፍ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ መክብብ።

«ጋሼ» ካለ ዓመት ሊሞላው ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ከኋላ እየወረዱ ሰምተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ራሱ አናገራቸው። «ድንጋይ ነው፣ ረገጥ አድርገው።» «ቀስ በል፣ ያንሸራትታል።» «ያዝከው?» «ይዣለሁ።» «ልዞር ነው።» «ዙር።» ሌላ ወሬ የለም። ዳገቱ ሲያልቅ ግንዷን አውርደው እላይዋ ላይ ተቀመጡ። ላባቸው ይወርዳል። ከታች ያለው የደቦ ሰው ሌላ ሥራ ያለው መስሎ፣ የተከመረውን እንደገና መከመር ጀመረ።

ዳምጠው መሬት መሬቱን እያየ ጠየቀ። «አባባ... ተሠቃየ?»

«አልተሠቃየም። እንቅልፍ ነው የመሰለን።»

«ሳትጠብቀኝ...»

«ጠብቄሃለሁ፣ ጋሼ» አለ መክብብ። «ፀሐይዋ ልትጠልቅ እስክትደርስ ጠብቄሃለሁ። ሰው ሁሉ ተቆጣኝ። 'ሬሳ በደጅ አታውል' አሉኝ። ካህናቱ ቆመው እኔ እዚያ መንገዱ ላይ ወጥቼ አቧራ አይ ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር።»

ዳምጠው ይህን ከእናቱ አፍ ሰምቶት ያውቃል፤ ለማስታረቅ የተባለ ነው ብሎ ጥሎት ነበር። አሁን ግን አብሮት አንድ ግንድ ተሸክሞ ከወረደ ሰው አፍ ሰማው። ከዚያ ዓይኑን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«አልጠየቅሁህም» አለ። «አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁህም።» ቀጥሎም የመክብብን ኮሌታ ገለጥ አድርጎ አየ። «አንገትህ ደምቷል። እኔ ነኝ። ያንን ሥር አይቼው ነው ዝም ያልኩት።»

«አውቄያለሁ» አለ መክብብ። «አንተንም ግንዷ ትከሻህን መታችህ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እያለቀሱ የሚስቁት ሳቅ ነው። ወይዘሮ አሰገደች መጥተው መክብብ አጠገብ ቆሙ። ቁስሉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና ለደቦው ሰው ንፍሮ ሊቀቅሉ ወደ ቤት ገቡ። ዳምጠውም ከመክብብ ጋር ተከትሏቸው ገባ። በሙት ዓመቱ የተተከለው ድንኳን አንድ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ምክር ይህ ነው። ጥፋቱ የመንሹ አይደለም። መንሽ መልካም ነገር ነው፤ የእናትን ጉልበት ያሳረፈ መሣሪያ ሁሉ ይባረክ። ነገር ግን የምንወደውን ሰው ሸክም ከማንሳታችን በፊት «የቱን ላንሳልሽ? የቱንስ ልተውልሽ?» ብለን እንጠይቅ። ሸክም ከመሰሉን ነገሮች አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዟቸው እንዲገናኝ የተሰጡ ናቸው። እነዚያን ጠርገን ስናበቃ ቤቱ ንጹሕ ይሆናል፤ የሚገባበት ሰው ግን ሰበብ አጥቶ ከአጥር በር ይመለሳል።

ደግሞም ለተኳረፈ ሰው ትልቁ ቃል «ይቅር በለኝ» ነው ብለን እርሱን ስንጠብቅ ዕድሜያችን ያልቃል። እርቅ ከዚያ ባነሰ ቃል መጀመር ይችላል። ከፊት ያለ ሰው ከኋላው ለሚመጣው «ጉድጓድ አለ፣ በግራ እለፍ» ቢለው ይበቃል። የቀረውን እግዚአብሔር በመንገድ ላይ ያናግራቸዋል።

እርስዎስ? ዛሬ አብሮዎት ሸክም ቢይዝ የሚወዱት፣ ግን የማያናግሩት ሰው ማን ነው? ነገ ጠዋት ምን አብረን እንሸከም ብለው ይጠሩታል?